ያልማለው ነጋዴ

የረጠበ ሱፍ ሽታ ሁልጊዜ ወደ እንጦጦ ይመልሰኛል። ባለፈው ሳምንት የመለሰኝ ሲኒማ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ አልፎ አልፎ እየመጣች አንድ አዲስ ነገር ልታሳየኝ ትወዳለች፤ እኔም ሰው የጋበዘኝን ነገር እምቢ ብዬ አላውቅም። ውጭ የነሐሴ ዝናብ ይወርዳል፤ ውስጥ ሕዝቡ እርጥብ ካፖርቱንና እርጥብ ጋቢውን እንደለበሰ በጨለማ ተፋፍጓል፤ ሸራው ላይም የሚዘንበው ዝናብ ነው። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሰው ሲጃራውን እያጨሰ በረጠበ መንገድ ይሄዳል፤ ጥላው ከእሱ ይረዝማል፤ አንዲት መልከ መልካም ሴት ትዋሸዋለች፤ እሱም እየዋሸችው መሆኑን እያወቀ ይከተላታል። ሰው ተገድሏል፤ ማን ገደለው ነው ነገሩ ሁሉ።

ልጅቱ እንዲህ ዓይነቱን ፊልም ብዙ ስላየች ሕጉን ታውቀዋለች፤ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ ታስረዳኛለች።

"አባባ፣ መጀመሪያ የሚይዙት ሰው ገዳዩ አይደለም፤ እሱን ይተውት።" ሴትየዋ ብቅ ስትል ደግሞ፣ "ያቺን ሴት እንዳያምኗት። ቆንጆ ከሆነች የደበቀችው ነገር አለ።"

"አያትሽም ቆንጆ ነበረች።"

"እና ምንም አልደበቀችም?" ብላ ሳቀች፤ ከኋላችን የተቀመጠው ሰውዬ "ኧረ በእመቤቴ፣ እንይበት!" አለን።

መጨረሻው ላይ ባለባርኔጣው የተጠረጠሩትን ሰዎች ሁሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ሰበሰበ፤ በሩን ቆለፈና ገዳዩ ከእናንተ አንዱ ነው አላቸው። "አሁን ይዩ እንግዲህ" አለችኝ ልጅቱ፣ "ማንም ያልጠረጠረው ነው የሚሆነው። የፈረንጅ ብልሃት እኮ ነው!"

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሸራውን አላየሁም። ሰውን ባንድ ቦታ ሰብስቦ፣ መውጫውን ዘግቶ፣ ገዳዩ ከመካከላችሁ ነው ማለት የፈረንጅ ብልሃት ሆኖ መቅረቡ ገረመኝ። እኛ አውጫጭኝ እንለው ነበር። ሳሎን ስላልነበረን የምንቀመጠው ሜዳ ላይ ነው፤ በር ስላልነበረን የምንዘጋው በእሾህ ነው። በሕይወቴ አንድ አውጫጭኝ አይቻለሁ፤ መጀመሪያ የተያዘውም ሰው አባቴ ነበር።

ያን ጊዜ እንጦጦ የንጉሡ መቀመጫ ነበረች። ከተማ ነበረች ስላችሁ ግን እንዳትታለሉ፤ ድንኳንና ጎጆ በጥድ መካከል የተበተነባት፣ ጭቃዋ ጉልበት የሚደርስ፣ ነፋሷ ሰው ከሰው የማይለይ ኮረብታ ነበረች። ዛሬ ጋራውን ከላይ እስከ ታች የወረሰው ባሕር ዛፍ ገና አገራችንን አላወቃትም፤ የነበረው ጥድና ወይራ ነው፤ እሱንም ሠራዊቱ እየቆረጠ ይማግደው ነበር፤ ስለዚህ የልጅነቴ አየር በሙሉ የእርጥብ ጥድ ሽታ አለው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፤ እናቴ በሩን ከፍታ በቀሚሷ ጫፍ እንደ ዶሮ "እሽ! እሽ!" እያለች ስታባርረው ትዝ ይለኛል፤ ጉሙም እንደ ዶሮ በሌላ በኩል ዞሮ ይገባ ነበር። ቤታችን ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ወደ የካ በሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ነበር። ታች ሜዳው ላይ የሚያርሱት ኦሮሞዎች ናቸው፤ እኛ ልጆች ሽቅብ ስንወጣ አማርኛ፣ ቁልቁል ስንወርድ ኦሮምኛ እንናገር ነበር፤ ስንሰዳደብ ደግሞ ከሁለቱም ጠንከር ጠንከር ያለውን እየመረጥን ነው።

አባቴ ወልዴ በቅሎ ነጋዴ ነበር። መኳንንቱም ቄሱም ጭነት ነጂውም ያንን አቀበት በእግሩ መውጣት ስለማይወድ ገበያው ጥሩ ነበር። የበቅሎ ንግድ ግማሹ በቅሎ፣ ግማሹ መሐላ ነው። አባቴ ስለ ጥርሷ ይምላል፣ ስለ ሰኮናዋ ይምላል፣ ስለ እናቷ ጠባይ ይምላል፤ "ማርያምን!" ሲል ገበያው ከዳር እስከ ዳር ይሰማዋል። ማርያም ከላይ ከደብሯ ሆና ቅዳሜ ቅዳሜ ስሟ እንዲያ ሲጠራ ስትሰማ፣ ከበቅሎህ ጋር ምን አገናኘኝ ሳትለው አልቀረችም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻጭ ካልማለ ገዢ አያምንም፤ ገዢም ቢሆን ካልማለ ዋጋው ውድ ነው ብሎ መሄድ አያምርበትም። ሁላችንም እንዲህ ነበርን።

አንድ ክረምት ግን፣ ፍልሰታ እንደ ተፈታ፣ አባቴ መማሉን ተወ። ገዢ ይመጣል፣ የበቅሎዋን ከንፈር ገልጦ ጥርሷን ያያል፣ "በል ማልልኝ" ይላል፤ አባቴ "ዓይን አለህ፣ እያት" ይላል፤ ሰውዬው ይህች በቅሎ ጉድ አለባት ብሎ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ሦስት ገበያ አለፈ። የአሥር ዓመት ልጅ ብሆንም የነጋዴ ልጅ ነኝና ነገሩ አላማረኝም፤ ጠየቅሁት። ወደ ጓሮ ወሰደኝ፤ የእንጨት ቁልሉ ላይ ተቀመጠና ለማንም ያልነገረውን ነገረኝ።

ደምሴ የሚባል ጭነት ነጂ ነበር፤ አባቴ ገጣባ በቅሎ ሸጦለታል። ቁስሉ ከላይ ደርቆ ጠጉር ለብሷል፤ ጭነት ሲያርፍበት ፈነዳ። ደምሴ ዳኛ ፊት ከሰሰው፤ አባቴ መስቀል ጨብጦ አላወቅሁም ብሎ ማለና ረታው። ያውቅ ነበር። ደምሴም ከዚያ ወዲህ ባገኘው ሰው ሁሉ ፊት "ወልዴ በሐሰት ምሎ በላኝ" ይል ነበር፤ የሚያምነው ግን አልነበረም። ፍልሰታ ሲገባ ነገሩ አባቴን እንቅልፍ ነሣውና ለንስሐ አባቱ ለመምሬ ጥሩነህ ተናገረ። እሳቸውም ገዘቱት፤ ዓመት ሙሉ እውነትም ሐሰትም መሐላ ከአፍህ እንዳይወጣ፣ ለደምሴም ደህና በቅሎ ስጠው አሉት።

"እናትህም አታውቅም" አለኝ አባቴ፣ ትከሻዬን ይዞ። "ለአንተ የነገርኩህ ወንድ ነህ ብዬ ነው።"

በአንድ ክንድ የረዘምኩ መሰለኝ። የሰው ምስጢር ሲሸከሙት እንዲህ የሚያኮራ ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ እንዲህ የሚከብድ መሆኑንም ገና አላወቅሁም።

አባቴ እንግዲህ፣ ምን ምክንያት ሰጥቼ በቅሎ ልስጠው እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ደምሴ ሞተ። የግዝቱ ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ከእኛ በታች ባለው ገደል ሥር ጅረት ዳር ወድቆ ተገኘ። አዳልጦት ነው እንዳይባል፣ የጭነት መጫኛ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። አብሮት ጭነት የሚነዳው የእናቱ ልጅ ጌጡ ሬሳው ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ድንጋይ ያለቅሳል። ፀጉሩን ነጨ፣ ደረቱን ደቃ፤ "የወንድሜን ደም! የወንድሜን ደም!" እያለ ሽቅብ ወጥቶ ዳኛ ዘንድ ጮኸ። ገዳዩ ስላልታወቀ ዳኛው አውጫጭኝ እንዲቀመጥ አዘዘ።

አውጫጭኝ ያላየ ሰው እንዲህ ነው ብዬ ልንገረው። የአካባቢው አባወራ ሁሉ፣ ሀብታም ድኻ፣ አማራ ኦሮሞ ሳይባል ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል፤ ነገሩ ሳይወጣ ሰው አይወጣም። ላም ሳትታለብ ትጮሃለች፣ እርሻው አረም ይበላዋል፣ ሰው ብርዱና ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል። አንድ በአንድ እየተነሣ አልገደልኩም፣ ያየሁት የሰማሁትም የለም ብሎ ይምላል፤ ክርስቲያኑ በመስቀል፣ ሌላው እንደ ልማዱ። የሰማ ካለ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ይነግራል፤ የነገረው ሰው ስሙ አይጠራም፤ "ወፍ ነገረችን" ነው የሚባለው። ጎረቤት ከጎረቤት ደም እንዳይቃባ የተፈጠረ ዘዴ ነው፤ በዚያው ልክ ደግሞ ጎረቤቱን የሚጠላ ሁሉ የሚያዜምበት ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ዋናው የሜዳው ባለቤት ኦቦ ጉደታ ነበሩ፤ ሁለት ጥርስ ብቻ የቀራቸው፣ ሁለቱንም ቋንቋ በዝግታ የሚናገሩ፣ የሚያዩትን ሁሉ ዋጋ የሚገምቱ የሚመስሉ ሽማግሌ።

እኛ ልጆች ለመሐላ ስላልደረስን ከአጥሩ ውጭ ነን፤ ስንቅ እናቀብላለን። አባቴ ተራው ደርሶ ሲጠራ እሾሁን ተደግፌ አየዋለሁ። መስቀሉን የያዙት መምሬ ጥሩነህ ናቸው። አባቴ ፊታቸው ቆመ፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

"አልገደልኩም" አለ። "መማሉን ግን አልምልም።"

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። "ነጋዴ አልምልም አለ! እናንተ ምጽአት ደርሷል!" አለ አንዱ። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ከሜዳው ላይ ጠፋ።

"ወልዴ፣ ለበቅሎ ጥርስ ስትምል ኖረህ ለነፍስህ አልምልም ትላለህ?" አለ አንድ ጎረቤታችን።

"እንዲያው ደምሴ ምን ይል ነበር? በልቶኛል አይደል ሲል የነበረው?" አለ ሌላው ከወደ ኋላ።

አባቴ ኩታውን ሰብስቦ ቦታው ላይ ተቀመጠ። መምሬም መስቀሉን ለቀጣዩ ሰው ዘረጉ። በዚያ ሜዳ ላይ አባቴ ለምን እንደማይምል የምናውቅ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ ተገዝቷል፣ አንዱ የንስሐ ምስጢር አፉን ይዞታል፣ ሦስተኛው ወንድ ነህ ተብሏል።

በማግሥቱ አባቴን ከከሳሹ ከጌጡ ጋር አቆራኙት። ቁራኛ ማለት የከሳሽና የተከሳሽ ኩታ ጫፍ ለጫፍ መቋጠር ነው፤ እስኪፈረድ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ሽንቱ ሲመጣ ሌላውም ይነሣል። ጌጡ አልፎ አልፎ ያለቅሳል፤ ከእኔ የተቀበለውን ቆሎ አባቴ ለሁለት ከፍሎ ይሰጠዋል፤ ጌጡም ዕንባውን እየጠረገ ይበላዋል። በሦስተኛው ቀን ወፎች መብዛታቸው ተሰማ፤ ሁሉም ወልዴ ነው ይላሉ። በበነጋው ወደ ንጉሡ ችሎት ሊወሰድ ነው፤ ከተፈረደበትም የሚገድለው ባለደሙ፣ ጌጡ ነው።

ያን ቀን ስንቁን ሳቀብለው ፊቴን አይቶ ምን እንዳሰብኩ ገባው። ጌጡ ከጎኑ ጥቅልል ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል።

"አፍህን" አለኝ በሹክሹክታ።

"ይገድሉሃል እኮ አባዬ!"

"ሰው አንዴ ነው የሚሞት። ስሙ ገበያ ላይ የሞተበት ነጋዴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚሞተው። ሂድ ወደ እናትህ።"

አልሄድኩም። ሽማግሌዎቹ ሊነሡ ሲሉ እሾሁን ጥሼ ገባሁ፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ ክንዴ ላይ አለ። "አባቴ የማይምለው ተገዝቶ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "በበቅሎዋ ጊዜ በሐሰት ስለማለ ነው! መምሬ ናቸው የገዘቱት!"

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ጅራፍ ያረፈበት ሰው ፊት እንዲያ ሲሆን አይቻለሁ፤ ልጁ ከሞት ያዳነው ሰው ፊት ግን እንዲያ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ኦቦ ጉደታ ወደ መምሬ ዞሩ። "እውነት ነው ወይ አባቴ?"

"የንስሐን ነገር አልናገርም" አሉ መምሬ፤ ዕንባቸው ግን ጢማቸው ላይ እየወረደ ነበር።

"እንዳሉ ይሁን፤ እኔም አልጠየቅሁም" አሉ ሽማግሌው። ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ተቀምጬ አየኋችሁ። እንደ ውኃ ነው የማላችሁት፤ ምላችሁ አፋችሁን ጠረጋችሁ። መሐላ የሚፈራ አንድ ሰው አገኘሁ፤ እሱን አስራችሁ ሰጣችሁኝ። በሉ ንገሩኝ፣ ከዚህ ሜዳ ላይ ያልማለ ሌላ ማን አለ?"

"ልጆቹ" አለ አንዱ።

"ልጆቹን ተዋቸው። ሌላስ?"

የሕዝቡ ዓይን ቀስ እያለ ከአባቴ ኩታ ላይ ተነሣ፤ በቋጠሮው በኩል አልፎ ጌጡ ላይ ሄዶ አረፈ። ባለደም አይምልም። ደሙ የእሱ ነው፤ እሱን አስምሎ ሐዘኑን መጠራጠር ነውር ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት እንዲህ ነው። ስለዚህ ማል ማለት ለማንም ትዝ አላለውም ነበር።

"እኔ ባለደሙ ነኝ!" አለ ጌጡ። "ባለደም ይማል? የት አገር ነው ይህ?"

"ነውሩ በእኔ ይሁን። ና ልጄ።"

ጌጡ ተነሣ፤ አባቴም ተቋጥሯልና አብሮት ተነሣ። እንደ ሙሽራና ሚዜ ጎን ለጎን ሆነው ጭቃውን እየረገጡ መስቀሉ ፊት ደረሱ። ጌጡ እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ያኔ አባቴ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ፤ እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት።

"ተው አትማል" አለው። "እኔ አውቀዋለሁ። አይለቅም።"

ጌጡ ጭቃው ላይ ተደፋ፤ ሲወድቅ አባቴንም ይዞት ወደቀ። ስለ እናታችን መሬት ተጣልተን ነው፣ ሳላስበው ነው፣ መጫኛው በእጄ ነበር አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረው በልቅሶ ተዋጠ። ኩታው በዝናብ ስለራሰ ቋጠሮው አልፈታ ብሎ ሁለት ሰዎች በጥርሳቸው ሲታገሉት ትዝ ይለኛል። እስኪፈታ ድረስ አባቴ የገዳዩን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጌጡን ወደ ችሎት ወሰዱት፤ እናቱ፣ የሟችም የገዳይም እናት፣ አሁን ባለደሟ እኔ ነኝ፣ ምሬዋለሁ እያለች ከኋላው ስትሮጥ አየኋት። ምሕረቷን ተቀበሏት አልተቀበሏትም፣ ከቤታችን ማንም አልጠየቀም።

የልጅ ልጄ ፊልም እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው፤ መብራት ይበራል፣ ሰው ካፖርቱን ይቆልፋል። እኛ ቤት ግን የጀመረው ያን ጊዜ ነው። አባቴን ሁሉም አቀፈው፤ እንዲህ ያለ ንስሐ የገባ ሰው አላየንም አሉት፤ አድንቀው አድንቀው ሲያበቁ በቅሎ ከሌላ ገዙ። በቀጣዩ ዓመት በቅሎዎቹን ሸጠን ወደ የካ ወረድን፤ ኦቦ ጉደታ የሚታረስ ቦታ ሰጡን፤ አባቴ ገብስ ገበሬ ሆነ። መሬት ማልልኝ አይልም ይል ነበር፤ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ያ ሜዳ ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል፤ ጥዱ አልቋል፤ ጎረቤት ሲሞት አብሮ ሦስት ቀን ጭቃ ላይ የሚቀመጥ ሕዝብ ወዴት እንደ ሄደ እኔ አላውቅም። ያም ሕዝብ ቢሆን ንጹሑን ሰው ሊያስገድል አንድ ሌሊት ብቻ ቀርቶት ነበርና፣ ቀረ ብዬ ማልቀሴን ሳስበው ግማሽ መንገድ ላይ አቆማለሁ። እኔ በበኩሌ ነጋዴ ሆኛለሁ፤ ብዙ ሸጫለሁ፣ ብዙም ምያለሁ።

አባቴ ስለዚያ ቀን ያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "ነፍሴን መለስክልኝ፤ እግዜር ይስጥህ" አለኝ፤ የጠፋበትን ገመድ አግኝቶ ለሰጠው መንገደኛ እንደሚባለው አድርጎ። አልተቆጣኝም። አልመታኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኔ ባለሁበት የልቡን ተናግሮ አያውቅም፤ ከእናቴ ጋር ሲያወራ ስገባ ወሬው ወደ ዝናብ ይዞራል፤ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አግብቼ፣ ወልጄም ስለ ዝናብ ነበር የምናወራው።

ሊሞት የተቃረበ ለታ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በሩ ተከፍቶ ፀሐይ እስከ መደቡ ገብታለች። እናቴን በእጁ ጠቀሳት፤ አንድ የሚነግራት ነገር እንዳለው ሁለታችንም ገባን። አፉን ሊከፍት ሲል ዞሮ አየኝ።

"ልጄ፣ እስቲ ከምንጭ ውኃ አምጣልኝ።"

ከራስጌው የተቀመጠው እንስራ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ቅል አነሣሁና ወጣሁ። ምንጩ ሩቅ አልነበረም፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ ሄድኩ፣ ቀስ ብዬም ተመለስኩ።